ተጠርጎ ባዶ የቀረ ቤት

ምንባብ፦ የማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 12፥ ከቍጥር 43 እስከ 45።



የክረምቱ ዝናም አብቅቶ፥ ወንዙ ጎድሎ፥ መስኩም በአደይ አበባ ሲያጌጥ፥ በአገራችን ያለ ሰው ሁሉ ቤቱን ያሰናዳል። እናት ግድግዳውን ትለቀልቃለች፤ ልጆች ለምለም ሣር አጭደው ያመጣሉ፤ አባትም የበቆሎውን እሸት ከጓሮ ይዞ ይገባል። ቤት በዘመን መለወጫ መታደሱ መልካም ነው። ዘመንን የሚያፈራርቅ እግዚአብሔር ነውና፤ ዘርና መከር በጋና ክረምት እንደማይቀሩ ለኖኅ ተስፋ የሰጠው እርሱ ነው።

ነገር ግን በአንዳንድ ቤት፥ ይልቁንም እኔ ባገለገልሁበት በምዕራቡ የአገራችን ክፍልና በሸዋ፥ ከዚህ ከግልጹ መሰናዶ ጋራ አንድ ስውር መሰናዶ አለ። በጓዳው ውስጥ ወይም በምሰሶው ሥር አንድ ጥግ ይለያል። በዚያ ጥግ አዲስ ሣር ይጐዘጐዛል፤ ዕጣን ይጤሳል፤ ከእናት ለልጅ ሲወርድ የመጣው ጨሌ ከሣጥን ይወጣል። ቡናው ከነገለፈቱ በቅቤ ይጠበሳል፤ ይህም በኦሮምኛ ቡና ቀላ ይባላል፤ ትርጓሜውም የቡና እርድ ማለት ነው። ሴቶች ስለ መውለድና ስለ ልጆች ደኅንነት አቴቴን ይለምናሉ፤ አባወራው ለቦረንትቻ ያርዳል፤ በብዙ ቤትም ሥጋው ለቤተ ሰቡ ብቻ እንጂ ለውጭ ሰው አይሰጥም። አማርኛ በሚነገርበት ቤትም ስሙ ይለወጣል እንጂ ነገሩ አይጠፋም፤ ለአድባር ቡና ይፈላል፤ ለውቃቢ ላባው የተመረጠ ዶሮ ይታረዳል።

ይህን የምናገረው በሩቅ ስላሉ ሰዎች አይደለም። እሑድ ከእኛ ጋራ በአንድ ወንበር ከሚቀመጡት፥ የጌታንም እራት አብረውን ከሚቀበሉት መካከል ይህ ጥግ በቤታቸው ያለ አሉ። በገጠር ብቻ አይደለም፤ በከተማ በቆርቆሮ ቤትም፥ በፎቅ ቤትም አለ። ጥጉ ትንሽ ነው፤ በመጋረጃ ይጋረዳል፤ ሰባኪው ሊጠይቅ ሲመጣ ቁና ይደፋበታል። ሰባኪውም ቡናውን ጠጥቶ፥ ጸልዮ፥ ባርኮ ይሄዳል፤ ከቁናው በታች ያለውን ግን አያውቅም።

አስቀድሜ ኀጢአቱ የሌለበትን ስፍራ ልናገር። ኀጢአቱ በሣሩ የለም፤ ሣርን ከምድር ያበቀለ ፈጣሪያችን ነው። በቡናውም በቅቤውም በዕጣኑም ሽታ የለም፤ እነዚህ ሁሉ የእርሱ ስጦታዎች ናቸው። እናቶቻችንንም ልንንቅ አይገባንም። መካንነት ሲያስጨንቃቸው፥ ልጅ በጀርባቸው ላይ ሲያቃጥለው፥ በአቅራቢያቸው ሐኪምም ሰባኪም በሌለበት ዘመን፥ የሚያውቁትን ሁሉ አድርገዋል። በእነርሱ እንባ የሚስቅ ሰው ወንጌልን ገና አልተማረም።

አባቶቻችን በእምነት የቀደሙን ሰዎችም ይህን ያውቁ ነበር። አናሲሞስ ነሲብ ገና በልጅነቱ ለባርነት የተሸጠ፥ ኋላም በምጽዋ ነጻ የወጣ ሰው ነበረ። ከእርሱ ጋራ የደከመችው አስቴር ጋኖም እንዲሁ ከባርነት ነጻ የወጣች ሴት ነበረች። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1899 በኦሮምኛ የተተረጐመው መጽሐፍ ቅዱስ በስዊስ አገር በሴንት ክሪስኮና ሲታተም፥ ለእግዚአብሔር የተጻፈው ስም ከባሕር ማዶ የመጣ ስም አልነበረም፤ ሕዝቡ ሰማይንና ምድርን ለፈጠረው ሲጠራው የኖረው የዋቃ ስም ነበረ። አናሲሞስ እስከ 1931 በወለጋ ሲያስተምርም የሕዝቡን ቋንቋ አልጣለም። ከሕዝቡ ልብ ሊያስወጣ የደከመበት ፍርሃቱን ነው።

እንግዲህ ኀጢአቱ ወዴት ነው? ማርቲን ሉተር በ1529 በጻፈው በትልቁ ካቴኪዝም የመጀመሪያውን ትእዛዝ ሲያብራራ፥ የሰው አምላክ በመከራ ጊዜ ልቡ የሚሸሽበትና በጎ ነገርን ሁሉ የሚጠብቅበት መሆኑን ያስተምራል። ስለዚህ እሑድ የምንዘምረውን ብቻ አንመርምር። ሌሊት ሕፃኑ ሲያተኵስ እግራችን አስቀድሞ ወዴት እንደሚሮጥ እንመርምር። የዓመቱ ቀን ሲደርስ ያን ጥግ ሳናሰናዳ ብንቀር ልባችን የሚፈራው ማንን ነው? ልጄን ይነካብኛል፥ ላሜን ይገድልብኛል ብለን የምንሰጋው ከሆነ፥ በአፋችን ማንንም ብንጠራ ጌታችን እርሱ ሆኗል።

በመጽሐፈ መሳፍንት በምዕራፍ 17 የተነገረው የሚካ ታሪክ ይህን ያሳየናል። ሚካ የእግዚአብሔርን ስም የማያውቅ ሰው አልነበረም። እናቱም ብሩን ለእግዚአብሔር ቀደስሁት ብላ ነበር የተናገረችው፤ ከዚያ በኋላ ግን 200 ብር ለአንጥረኛ ሰጥታ ምስል አሠራችበት። ሚካ በቤቱ የጣዖት ስፍራ አበጀ፤ ከቤተ ልሔም የመጣ አንድ ሌዋዊም በዓመት 10 ብር፥ ልብስና ምግብ እየሰጠ ካህን አድርጎ ቀጠረው። ሌዋዊ ካህን ስለ ሆነለትም እግዚአብሔር በጎ እንደሚያደርግለት ተማመነ። ወዳጆቼ ሆይ፥ የእኛም መጽሐፍ ቅዱስ በመደርደሪያው ላይ፥ ጨሌውም በሣጥን ውስጥ ሆኖ እንደ ሚካ የምንታመን ስንቶች ነን? ፍጻሜው ግን ምን ሆነ? የዳን ልጆች መጥተው ምስሉንም ካህኑንም ወሰዱ። ሚካ እየጮኸ ተከተላቸው፤ ከእርሱ የበረቱ መሆናቸውንም አይቶ ባዶ እጁን ወደ ቤቱ ተመለሰ። ሌባ የሚሰርቀው አምላክ ባለቤቱን ሊጠብቅ እንዴት ይችላል?

እስከዚህ ድረስ የሰሙ አንዳንዶች፥ እንግዲያውስ እንነሣ፤ ጥጉን እናፍርስ፤ ጨሌውን እንሰብስብ ይሉ ይሆናል። እኔም አንድ ጊዜ እንዲሁ አልሁ። ስለዚህ የራሴን በደል ልንገራችሁ።

ከነገረ መለኮት ትምህርት ቤት እንደ ወጣሁ፥ ገና በወጣትነቴ፥ ከዋናው መንገድ የግማሽ ቀን የእግር ጉዞ በሚያስኬድ መንደር አንዲት አረጋዊት መበለት ነበሩ። ተጠምቀዋል፤ ነገር ግን በጓዳቸው ጥግ አለ ተብሎ ተነገረኝ። ሽማግሌዎችን አስከትዬ ሄድሁ። ሴትዮዋ በደጅ ሣር ያሰጡ ነበር። ብዙ ሳልጠይቃቸው ገባሁ፤ ጨሌውን ከሣጥን አወጣሁ፤ ለዚያ ሥርዓት የተለየውን ጀበና በደጅ ድንጋይ ላይ ሰበርሁት። ዘመርን፤ ጸለይን፤ ሽማግሌዎቹም አመሰገኑኝ። በዚያው ቀን ማታ ወደ ቤቴ ስመለስ እንደ ጌዴዎን ያለ ሥራ የሠራሁ መሰለኝ።

ሰባት ወር ሙሉ ወደዚያ ቤት አልተመለስሁም። ብዙ ምክንያት ነበረኝ፤ መንገዱ ጭቃ ነው፤ ሌላ መንደር ይጠብቀኛል። በሰባተኛው ወር ሳልፍ ጐራ ብል፥ ጥጉ እንደ ቀድሞው ተሰናድቶ አገኘሁት፤ ጨሌውም ከጐረቤት የተዋሱት ነበር። ተቈጣሁና፥ እማማ፥ ይህን እንዴት አደረጉ? አልኋቸው። እርሳቸውም ዐይናቸውን ወደ መሬት አድርገው እንዲህ አሉኝ፦

«ልጄ፥ አንተ ከሄድህ በኋላ የልጅ ልጄ በሌሊት ታመመ። ያን ጥግ ባየው ባዶ ነው። አንተን እንዳልጠራ ቤትህን አላውቀውም። መጽሐፉን እንዳልከፍት ፊደል አላውቅም። የነበረኝን ወሰድህብኝ፤ በሌሊት ማንን እንደምጠራ ግን አላስተማርኸኝም።»

ወንድሞቼ ሆይ፥ በዚያን ቀን የዛሬው ምንባባችን ተከፈተልኝ። ጌታችን ርኩስ መንፈስ ከወጣ በኋላ ተመልሶ ስላገኘው ቤት ሲናገር፥ ቤቱ ቆሻሻ ነበረ አላለም። ተጠርጎ ነበር፤ አጊጦም ነበር። ጥፋቱ ባዶ መሆኑ ነው። ስለዚህም ያ መንፈስ ከእርሱ የከፉ ሰባት ሌሎች መናፍስትን ይዞ ገባበት፤ የዚያም ሰው ፍጻሜ ከመጀመሪያው ይልቅ ከፋ። ያን ቤት የጠረግሁት እኔ ነበርሁ። ባዶውን የተውሁትም እኔ ነበርሁ። ሴትዮዋን ልገሥጽ ሄጄ ራሴ ተገሥጬ ተመለስሁ።

ከዚያ በኋላ ይቅርታ ለመንኋቸው። የምእመናኑ ሴቶች በየሳምንቱ ረቡዕ ቡና ይዘው ወደ ቤታቸው ይሄዱ ጀመር። ሕፃኑን ወደ ጤና ጣቢያ ወሰድነው፤ ከብዙ ቀን በኋላም ተሻለው። ለሴትዮዋ አባታችን ሆይን ቃል በቃል አስተማርናቸው። ጨሌውን ማንም አልነካባቸውም። ከዓመት በኋላ ግን በራሳቸው ፈቃድ ለባለቤቷ ለጐረቤታቸው መለሱ፤ ጥጉንም በገዛ እጃቸው ጠርገው የልጁን አልጋ አኖሩበት።

በዚያው ወር ላማቸው ሞተች። ጐረቤቶቹ መጥተው፥ እንግዲህ አየሽ? ቀኑን ስለ ተውሽ ነው፥ አሏቸው። ይህ ነገር አዲስ አይደለም። በነቢዩ በኤርምያስ ዘመን ስለ ሰማይ ንግሥት እንዲህ ተደርጎ ነበር፤ በምዕራፍ 7 ቍጥር 18 እንደ ተጻፈው ልጆች እንጨት ይሰበስቡ፥ አባቶች እሳት ያነድዱ፥ ሴቶችም ሊጥ ይለውሱ ነበር፤ ቤተ ሰቡ በሙሉ በሥራው ተካፋይ ነበረ። በምዕራፍ 44ም ወደ ግብፅ የወረዱት ሰዎች፥ ለእርስዋ ማጠናችንን ከተውንበት ቀን ጀምሮ ሁሉ ጐደለብን ብለው ነቢዩን ተከራከሩት። ፍርሃት ሁልጊዜ እንዲህ ይቈጥራል፤ ከተወበት ቀን ወዲህ ያለውን መከራ ብቻ ይቈጥራል፤ ከዚያ በፊት የነበረውን ይረሳል።

መበለቲቱ ግን ለጐረቤቶቻቸው የሰጡት መልስ እኔ በትምህርት ቤት ከተማርሁት ሁሉ ይበልጥ ነበር። «ጨሌው በቤቴ በነበረበት ዘመንም ላም ሞታብኛለች። ያን ጊዜ ብቻዬን አለቀስሁ፤ ዛሬ ግን አብረውኝ የሚያለቅሱ አሉ፤ የሚሰማኝም አለ» አሉ። እነሆ፥ ቤቱ ባዶ አልነበረም። ልብ አድርጉ፤ ጌታችን ላም አይሞትባችሁም ብሎ ተስፋ አልሰጠም። ከእናንተ ጋራ እሆናለሁ ብሎ ግን ተስፋ ሰጥቷል። ክርስቶስን እንደ ሌላ ቦረንትቻ አድርገን፥ ዓመታዊ ግብሩን ብንሰጠው ከብታችንን እንዲጠብቅልን ብንፈልገው፥ የጥጉን ስም ለወጥን እንጂ ጥጉን አላፈረስንም።

እንግዲህ ቤታችንን በምን እንሙላው? እግዚአብሔር ለሕዝቡ በዓል የሌለበት ቤት አልሰጠም። ከግብፅ ባወጣቸው ጊዜ በዓሉን ያዘዘው በየቤታቸው ነበር፤ ወሩን ወሰነላቸው፤ በጉን፥ ደሙን፥ መቃኑን፥ እንጀራውን ነገራቸው። ይሁን እንጂ በዘጸአት ምዕራፍ 12 ቍጥር 26 አንድ ነገር ጨመረ፤ ልጆቻችሁ ይህ ሥርዓት ምንድር ነው ብለው በጠየቋችሁ ጊዜ ትመልሱላቸዋላችሁ አለ። በዚህ ቃል የቤታችንን በዓል ሁሉ ልንመረምረው እንችላለን። በጓዳው ጥግ የሚደረገውን ልጅ ቢጠይቅ፥ ዝም በል፥ ወደዚያ አትቅረብ ይባላል። የእግዚአብሔር በዓል ግን ለልጅ ይነገራል፤ መልስ አለው፤ መልሱም እግዚአብሔር አዳነን የሚል ነው።

ደሙም ቢሆን አንድ ጊዜ ፈሷል። የዕብራውያን መልእክት በምዕራፍ 10 እንደሚያስተምረን፥ በየዓመቱ የሚደጋገመው መሥዋዕት ኀጢአትን ሊያስወግድ አይችልም፤ የክርስቶስ ሥጋ ግን አንድ ጊዜ ፈጽሞ ቀርቧል። ስለዚህ በደጃችን መድረክ ላይ የዶሮ ደም ማፍሰስ የሚያስፈልገን አይደለንም። የበጉ ደም ያለበትን ቤት ለማስፈራራት መብት ያለው መንፈስ የለም።

ሉተር በ1528 በሳክሶኒ አብያተ ክርስቲያናትን ሲጐበኝ፥ ተራው ሕዝብ ስለ እምነቱ እጅግ ጥቂት እንደሚያውቅ አይቶ አዘነ። በሚቀጥለውም ዓመት ትንሹን ካቴኪዝም ሲያወጣ፥ ትምህርቱን አባወራ ለቤተ ሰቡ በቀላል እንዲያስተምረው ብሎ አዘጋጀው፤ የጠዋትና የማታ ጸሎትም አኖረበት። ቤትን ባዶ እንዳይተው ያውቅ ነበርና።

ስለዚህ ወገኖቼ፥ በሚመጣው ዘመን መለወጫ እንዲህ አድርጉ። ሣሩን ጐዝጕዙ፤ ነገር ግን በጓዳ ሳይሆን ሁሉ በሚቀመጥበት በሳሎኑ መካከል ጐዝጕዙት። ቡናውን አፍሉ፤ በሩን ግን ክፈቱ፤ ጐረቤትንም ጥሩ። ከእሸቱና ከሥጋው አስቀድማችሁ ለድኻውና ለመበለቲቱ ላኩ፤ የቦረንትቻ ሥጋ ከቤት አይወጣም፤ የክርስቶስ ማዕድ ግን ከቤት ካልወጣ ማዕድ አይደለም። ማንበብ የሚችል ልጅ መዝሙረ ዳዊት 65ን ያንብብ። ትንሹ ልጅ፥ ዛሬ ለምን እናመሰግናለን? ብሎ ይጠይቅ፤ አባት፥ አባት ከሌለም እናት ይመልሱ። ሰው በታመመ ጊዜ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት፤ ያዕቆብ በመልእክቱ እንዳዘዘም የቤተ ክርስቲያንን ሽማግሌዎች ጥሩ። ሽማግሌዎችም፥ በሌሊት ብትጠሩ ሂዱ። በሌሊት የማይመጣ ሽማግሌ ካለ፥ በቀን ስለ ጨሌ ሊሰብክ አይገባውም።

ያን ጥግ ዛሬም በቤታችሁ የያዛችሁ ብትኖሩ፥ ላስፈራራችሁ አልመጣሁም፤ የሚያስፈራራችሁ እስካሁን በቅቶአችኋል። በዘፍጥረት 35 የያዕቆብ ቤተ ሰቦች በእጃቸው የነበሩትን እንግዶች አማልክት ራሳቸው ለያዕቆብ ሰጡት እንጂ በዝርፊያ አልተወሰደባቸውም፤ እርሱም በሴኬም አጠገብ ከነበረችው ዛፍ ሥር ቀበራቸው፤ ከዚያም አብረው ወደ ቤቴል ወጡ፤ ያዕቆብም በዚያ ለእግዚአብሔር መሠዊያ ሠራ። ባዶ እጃቸውን አልቀሩም። እናንተም ቁናውን አንሡና የተሸፈነውን ለጌታ አሳዩት። እርሱ አስቀድሞ ያውቀዋል፤ ያን ጥግ አይቶም ከቤታችሁ አልወጣም። በደጅ ቆሞ የሚያንኳኳው ሳሎኑን ብቻ ፈልጎ አይደለም፤ ጓዳውንም ነው።

እንጸልይ። ጌታ ሆይ፥ ዘመንን በቸርነትህ ታቀዳጃለህ። በስውር ያኖርነውን ፍርሃት ወደ ብርሃንህ አውጣልን። የጠረግኸውን ቤት በመንፈስ ቅዱስ ሙላው። ሕፃናቶቻችን ሲጠይቁን የምንመልሰውን ቃል ስጠን። በሌሊት የሚጨነቁትን እናቶች አስብ፤ እኛንም ወደ እነርሱ ላከን። በአንድ ልጅህ በጌታችን በኢየሱስ ክርስቶስ ስም። አሜን።